ናፍጣ የጠጣው ቃጫ

አርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ሆሴዕ፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ባለፈው እሁድ በስልክ «እማዬ እንዴት ናት?» ብለህ ስትጠይቀኝ «ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ነው» ያልኩህ ውሸት ነው። ደህና አይደለችም። ስልኩን ይዤ ሳወራህ አጠገቤ ተቀምጣ በዓይኗ ትጠብቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ሰው እያየኝ እውነት መናገር ያቅተኛል። ለዚህ ነው ብቻዬን ሆኜ የምጽፍልህ። የሰፈራችን ልጅ ዘርአብሩክ ቪዛው ወጥቶለት ሰኞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሚነሳ በእጁ ያደርስልሃል።

ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ጀርባዬን ያመኛል ያልከው ተሻለህ ወይ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? የአገሩ ሰው ዛሬም ይዝትባችኋል ወይስ ጋብ ብሏል? እግዚአብሔር ከክፉ ሰው እጅ ይሰውራችሁ፣ ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። በዚህ በኩል ትንሿ እህታችን ሰብሌ ደህና ናት፣ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፣ ከእኔ ይልቅ አፍ አላት። ላሟ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። እኔም በአካሌ ደህና ነኝ። በሆዴ ግን ንዴት ከያዝኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዱ አንተ ነህ። ይህን ስጽፍ እየፈራሁ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ሆነህ ያቆምከን አንተ ነህና ቃል መመለስ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የመጣው ዘመን መለወጫችን ያሆዴ በወጣ በሦስተኛው ቀን ነው። እዚህ ነዳጅ ከጠፋ ቆይቷል። ሆሳዕና ማደያ በር ላይ ባጃጆቹ ተሰልፈው ስለሚውሉ ሹፌሮቹ ምሳቸውን እዚያው ወንበራቸው ላይ ይበላሉ። ቦቴ ገባ ከተባለ ከተማው በሙሉ ይሯሯጣል። ትምህርት ሳላቋርጥ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለን፣ የሳይንስ መምህራችን ነዳጅ ከምድር ሆድ እንደሚወጣና የሚያወጡት አገሮች ጉድጓድ አንድ ቀን እንደሚደርቅ ሲነግረን አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እኛ ጋ ሳይደርስ ነው እንዴ የሚያልቀው?» ብሎ አስቆን ነበር። ደረሰልን እንግዲህ። ማንም ሳይጠራው እደጃችን ድረስ መጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ከእኛ ማሳ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ናፍጣ የጫነ ቦቴ ተገለበጠ። ሹፌሩ ናስረዲን ይባላል። ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ እስኪደርስ ማደያው «ቶሎ ና፣ ቶሎ ና» እያለ እየደወለ እንቅልፍ ነስቶት ነበር አሉ። ክንዱ ተሰብሮ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ «አትቅረቡ! ሂዱ ከዚህ! ትቃጠላላችሁ!» እያለ ይጮህ ነበር። ሰው ግን ንብረቱን ሊያድን የሚጮህ መሰለው። ታንጉት፣ ያቺ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ፣ «አይ አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ተሰብሮም ትሰስታለህ?» ብላው ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ጀሪካን ያለው በጀሪካን፣ የሌለው በጣሳ፣ በጆግ፣ በሕፃን ፖፖ ሳይቀር ቀዳ። እኛም ቤት ሁለት ጀሪካን ገባ። የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ በማንም አላሳብብም።

የተረፈው ቁልቁል ወርዶ ጅረቱ ውስጥ ገባ። ልብስ የምናጥብበትን ቦታ ታስታውሰዋለህ? ውሃው ላይ የርግብ አንገት የመሰለ ቀለም ተኛበት። ላሟ አፍንጫዋን ነክራ ወዲያው ራሷን ቀና አድርጋ ሸሸች፣ ጠጪ ብንላት እንቢ አለች። ከብት አወቀ፣ እኛ አላወቅንም።

ቦቴው በተገለበጠ በሦስተኛው ቀን የቦቴው ባለቤት የሆነው ድርጅት ወንዳፈረው የሚባል ፎርማን ላከ። ጅረቱ እንዲጸዳ ታዟል፣ ሥራ ፈላጊ ይመዝገብ አለ። ወንዶቹ አጨዳ ላይ ስለነበሩ የተመዘገቡት ሴቶች ናቸው። እናታችን ሁለተኛዋ ናት። ናፍጣውን የሚመጥ ሰጋቱራ በመኪና ይመጣል ተብሎ ቅዳሜ ጠዋት ስንጠብቅ መኪናው ቀረ። ወንዳፈረው ስልኩን እየጮኸበት ሲንጎራደድ ጎረቤታችን የቲቶ እናት ከመቀነቷ ስር አንድ እፍኝ የእንሰት ቃጫ አወጣችና ውሃው ላይ ጣል አድርጋ አነሳችው። ውሃው ቀረ፣ ናፍጣው ግን ከቃጫው ጋር ወጣ። ስትጨምቀው ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። ወንዳፈረው ስልኩን ዘጋ። «እናንተ እኮ ኢንጂነር ናችሁ! ከውጭ በዶላር የሚመጣው ከዚህ ምን ይበልጣል?» አለ። ከዚያ እያንዳንዷ ከቤቷ ቃጫዋን እንድታመጣ አዘዘ። ሴቶቹ ተመስግነው አያውቁምና ደስ አላቸው። እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር።

እንሰት ሲፋቅ እንዴት እንደሚሠሩ ታውቃለህ። ጫማ አውልቀው፣ መሬት ተቀምጠው፣ በእጅም በእግርም ነው። ጣት ካልነካው በደንብ መፋቁ አይታወቅም ይላሉ። ጅረቱንም ልክ እንደ እንሰት ያዙት። እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ ቃጫውን ዘርግተው፣ ሰብስበው፣ በባዶ እጃቸው አጥብቀው ጨመቁ። ሲከብዳቸው ድንጋይ ላይ አድርገው በተረከዛቸው ረገጡት። ፀሐይ ሲበረታ ሽታው ከውሃው ተነስቶ ዓይን ያቃጥል ነበር። በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሲሸፍኑ ነጠላውም ናፍጣ ሆነ።

ጓንት የመጣው ሥራው በተጀመረ በአራተኛው ቀን ነው። ስድስት ጥንድ። ወንዳፈረው ስድስት ሴቶችን መርጦ አለበሳቸው፣ ፎቶ አነሳቸው፣ «ለሌላ ቦታ ይፈለጋል» ብሎ መልሶ ሰበሰበው። እናታችን ፎቶው ውስጥ አለች። እየሳቀች ነው። ያ ፎቶ የት እንደሚታይ አላውቅም፣ ግን አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው አይቶት «ይኸው ጓንት አድርገዋል» ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ እማዬን ራሷን አመማት፣ አስታወከች። በማግስቱ እሁድ ስትደውል ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ናፍጣ ሰው ይጎዳል እንዴ? ልተወው ይሆን?» ብላ ጠየቀችህ። አንተ ሳቅህ። «እማዬ ደግሞ! ናፍጣ ምን ያደርጋል? እኔ ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ እጄን በናፍጣ ታጥቤ አይደል ምሳዬን የምበላው?» አልካት። አስታወስክ? እሷም ሳቀች። ሰኞ ጠዋት ጅረቱ ዳር ለሴቶቹ ነገረቻቸው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ቃል እኛ ዘንድ ከስብከት እንደማያንስ ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ አንዷ ራሴን አዞረኝ ስትል ሌላዋ «ሆሴዕ በእሱ ይታጠብ የለም እንዴ፣ አንቺ ምን ሆነሻል?» ትላታለች። ስምህ የማሾፊያም የማጽናኛም ሆነ። አንተ ስልኩን ዘግተህ ረሳኸው፣ እነሱ ግን ስምንት ቀን ሙሉ በአንተ ቃል ውሃ ውስጥ ቆሙ።

እኔስ? እኔ ከአንተ እብሳለሁ፣ ምክንያቱም አንተ አታውቅም ነበር። በሥራው አምስተኛ ቀን ያ ሹፌር ናስረዲን ክንዱን በጄሶ አስሮ የቦቴውን መነሳት ሊያይ መጥቶ ነበር። ለእማዬ ምሳ ይዤ ስወርድ መንገድ ላይ አገኘኝ። ሴቶቹን አሻግሮ አይቶ «እነዚህ በባዶ እጃቸው ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ልጄ፣ ሃያ ዓመት ናፍጣ ጭኜ ነድቻለሁ፣ በባዶ እጄ አልነካውም። ቆዳ ይልጣል፣ ትንፋሹ ሳንባ ይገባል። ያን ቀን የጮህኩት ለቦቴው አልነበረም። ሂጂና ንገሪያቸው» አለኝ። ወርጄ ምሳውን አስቀመጥኩ። ሃያ ሴት ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ሲሉኝ «ቆጮና ጎመን» ብዬ ተመለስኩ።

ዘጠኝ ቀን ሠሩ። በየማታው መርዙን ይሰብረዋል ብለው ወተት ይጠጡ ነበር፣ ጥጃዋ ሳትጠግብ እማዬ ጠጣች። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የባሰው መጣ። ቃጫ መጣል በእኛ ዘንድ የለም፣ የሴት ልጅ ድካም ነው። ስለዚህ ሁሉም ናፍጣ የጠጣውን ቃጫቸውን በአመድና በሳሙና አጥበው አጥር ላይ አሰጡት። ሲደርቅ ነጭ ሆነ፣ ንጹሕ መሰለ። እማዬም በእሱ የቆጮውን ሊጥ ጨመቀችበት። ሰብሌ አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ አድርጋ ተፋችና «መኪና መኪና ይላል» አለች። እማዬ «ጥጋበኛ!» ብላ ተቆጣቻት። እኔ ግን ቀምሼ ሰብሌ እውነቷን እንደሆነ አውቄያለሁ። አውቄም በላሁ።

አሁን እንዴት እንደሆነች ልንገርህ። የእጇ መዳፍ ተልጦ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ ጨው ሲነካው ትንፋሿ ይቆረጣል። ደረቅ ሳል ይዟታል። ከጅረቱ እስከ ቤት ያለችውን አቀበት ሦስት ጊዜ ቆማ ነው የምትወጣው። ያሆዴ ዕለት ስትጨፍር ያየሃትን ቪዲዮ አስብ፣ ወር አልሞላውም። ከጎኗ ሲሠሩ ከነበሩት መካከል አራቱ እንደ እሷ ያስላሉ፣ የቲቶ እናት ደግሞ ራስ ምታቱ አላስቀምጥ ብሏት ራሷን በሻሽ አጥብቃ አስራ ትውላለች። ሁሉም ብርድ ነው ይላሉ። እውነቱን የምትናገር ከቀጣዩ ሥራ ትወጣለች፣ ምክንያቱም ወንዳፈረው «ከድልድዩ በታች ገና ብዙ አለ፣ ጠንካሮቹን እጠራለሁ» ብሏቸዋል።

ባለፈው ሳምንት አርብ ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የማያስተኛኝ ይህ ነው። ጤና መኮንኑ ወጣት ልጅ ነው፣ ሀዲይኛ አይሰማም፣ እኔ በመካከል ሆኜ አስተረጎምኩ። እጇን ገልብጦ አየና «ሰሞኑን የኬሚካል ነገር ነክታለች?» አለኝ። እማዬ ጥያቄውን ከፊቱ ተረድታ ኖሮ በሀዲይኛ «ብርድ ነው በይው። ስማችን ከሥራው ይፋቃል» አለችኝ። ጤና መኮንኑ ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል። እኔም «ብርድ ነው» አልኩ። «እጇስ?» አለ። «ሳሙና ነው» አልኩ። የሳል ሽሮፕ ጽፎ ሸኘን። ሆሴዕ፣ የእናቴን በሽታ ለሐኪም ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ በሽታውን የደበቅሁትም እኔ ነኝ።

ረቡዕ ወንዳፈረው ወረቀት ይዞ ቤታችን መጣ። ማንበብ የምትችል ልጅ ስጡኝ ብሎ ወደ እኔ ጠቁመውት ነው። «አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ አሉኝ። ቅዳሜ ሴቶቹ ጸሎት ቤቱ ግቢ ሲሰበሰቡ ታነቢላቸዋለሽ። ረጅም ስለሆነ አትድከሚ፣ ሥራው ማለቁን የሚገልጽ ነው በያቸውና አውራ ጣታቸውን ያሳርፉ» አለኝ። እንደ ሁልጊዜዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሲሄድ እንሰቱ መሃል ገብቼ አነበብኩት። ጓንት፣ ቦት ጫማና የአፍ መሸፈኛ ተሰጥቷቸው እንደሠሩ ይላል። በሥራው ምክንያት ምንም የጤና ጉዳት እንዳልደረሰባቸው ይላል። ከዚያ «ወደፊትም ለሚደርስብን የጤና ችግር ድርጅቱን አንጠይቅም» ይላል። ወደፊትም! የገና ሳላቸውን፣ የፋሲካ ሳላቸውን፣ ገና ያልመጣውን ሁሉ በጣታቸው ሊሸጡለት ነው። ያንን ወረቀት የጻፈ ሰው ናፍጣው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል ማለት ነው። ባያውቅ «ወደፊትም» የሚለውን ለምን ይጽፋል?

ወረቀቱን ለታንጉት አሳየኋት፣ አማርኛ ታነባለች። «ቦት ጫማውን በህልሙ ነው እንዴ የሰጣቸው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «እኔ በዚያ ሹፌር ላይ አሹፌያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንዳላነብላቸው የእናንተን ቋንቋ አልችልም። አንቺ ትችያለሽ፣ ግን ድምፅሽ ከጉሮሮሽ አይወጣም። እንግዲህ ማን ይንገራቸው? ላሟ?» አለችኝ። ተሰደብኩ ብዬ አለቀስኩ። ቤት ስደርስ ግን ልክ መሆኗን ለራሴ ነገርኩ።

ትናንት ቃጫውን ከማዕድ ቤት አውጥቼ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ሁለቱን ጀሪካንም ከአልጋው ስር አውጥቼ ከቤት አራቅኋቸው። እማዬ ስታውቅ ጮኸችብኝ። በሕይወቴ ጮሃብኝ አታውቅም። «በእጄ የፋቅሁትን!» ብላ ጀመረችና ሳሉ ያዛት፣ ጩኸቱን መጨረስ አቃታት። ግድግዳውን ተደግፋ ስታስል ቆሜ አየኋት። በእሷ ላይ አልተናደድኩም። በሰጋቱራው መኪና፣ በስድስቱ ጓንት፣ በፎቶው፣ በወረቀቱ፣ በአንተ ሳቅ፣ በእኔ ዝምታ ግን ነደድኩ።

ገንዘብ እንድትልክ አይደለም የጻፍኩልህ። ይህ እንደደረሰህ ደውልላትና በራስህ አፍ «ተሳስቻለሁ» በላት። እኔ መቶ ጊዜ ብናገር ልጅ ናት ብላ ታልፈኛለች፣ ያንተን ግን ለሴቶቹ ሁሉ ታደርሳለች። አንተም በእሱ መታጠብህን ተው። እጅህ ይሰነጠቃል ወይ? ያስልሃል ወይ? እውነቱን ንገረኝ፣ እኔ እንደዋሸሁህ አትዋሸኝ። ከተቆጣኸኝ ተቆጣ፣ ግን መልስ ስጠኝ።

ሰብሌ ጫማ ላክልኝ በይው ብላኛለች፣ ደግሞ ጥጃዋን በስምህ ልጥራት ስትል ሴት ናት ብንላት «ምን ቸገረው» አለች። የቲቶ እናት ራሷን እንዳሰረች ሰላም ብላሃለች። ታንጉት «ያ ቀጫጫ ወፈረ ወይ?» ትልሃለች። እማዬ ይህን መጻፌን አታውቅም፣ ሁልጊዜ ግን ስምህን ጠርታ ነው የምትጸልየው። አንተም አብረውህ ላሉት ለጴጥሮስና ለባፈና ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እናቶቻቸው ጅረቱ ውስጥ ስላልነበሩ ደህና ናቸው በላቸው።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ወንዳፈረውም የጣት አሻራ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ፊት እቆማለሁ። መሬት መሬት እያየሁ ቢሆንም፣ ድምፄ ቢንቀጠቀጥም፣ ወረቀቱን በሀዲይኛ አነባለሁ፣ አንድ መስመር አልዘልም። ናስረዲን ያለኝንም እጨምራለሁ። ጣታቸውን ማሳረፍ አለማሳረፍ የእነሱ ነው፣ ሳያውቁ ግን አያሳርፉም። ከዚያ እማዬን ይዤ በመጀመሪያው መኪና ሆሳዕና እወርዳለሁ። ሐኪሙ ፊት ስንቀመጥ እሷ አፏን ሳትከፍት ቀድሜ «ዘጠኝ ቀን በባዶ እጇ ናፍጣ ስትጨምቅ ነበር» እላለሁ።

እህትህ አቢጋኤል
ሞርሲቶ